ቆሞ የሚጠፋ ጊዜ፦ የ1906ቱ የሌ ማን ግራን ፕሪ፣ የሬኖ መኪናና የሚፈታው ቸርኬ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳው

ስለ ጥንት የውድድር መኪኖች ሲወራ ሞተር ከሁሉ ይቀድማል። ስንት ሊትር ነበር፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ይነሱና በዚያው ያበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ፈረንሳይ ውስጥ በሌ ማን ከተማ አጠገብ የተካሄደው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራን ፕሪ ግን በዚህ መንገድ ቢታይ ትርጉም አይሰጥም። ትልቁ ሞተር አላሸነፈም፤ ከሁሉ ፈጣን የሆነውን ዙር የነዳው ሾፌርም አላሸነፈም። ውጤቱን ለመረዳት መኪኖቹ ሲሮጡ ብቻ ሳይሆን ቆመው ሳሉ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል፤ መኪኖቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት ለጎማ ነበር።

የጥገና ሥራ ለሚመሩ፣ የተሽከርካሪ ስምሪት ለሚያደራጁና መካኒክነት ለሚያስተምሩ ሰዎች ጉዳዩ ዛሬም ብዙ የሚነግረው ነገር አለ ብዬ ስለማምን በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። ከሾፌሮቹ ስማቸውን የምጠቅሰው አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን በነዱት መኪናና በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ።

ዳራ

ከግራን ፕሪ በፊት የነበረው ታላቅ ዓለም አቀፍ ውድድር ከ1900 እስከ 1905 የተካሄደው የጎርደን ቤኔት ዋንጫ ነው። በዚያ ውድድር አንድ አገር ከሦስት መኪና በላይ ማሰለፍ አይችልም ነበር። በዘመኑ ሰፊ የመኪና ኢንዱስትሪ የነበራት ፈረንሳይ ይህ ደንብ ጎዳኝ አለች፤ አሥር ፋብሪካ ያላት አገርና አንድ ፋብሪካ ያላት አገር እኩል ሦስት መኪና ብቻ ይልካሉና። ስለዚህ የፈረንሳይ አውቶሞቢል ክለብ ከዋንጫው ራሱን አግልሎ የራሱን ውድድር አዘጋጀ። በአዲሱ ደንብ ቁጥሩ ለአገር መሆኑ ቀርቶ ለፋብሪካ ሆነ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ እስከ ሦስት መኪና ማሰለፍ ቻለ።

ውድድሩ ጁን 26 እና 27 ቀን 1906 ተደረገ፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 እና 20 ቀን 1898 ዓ.ም. መሆኑ ነው። መንገዱ ሌ ማንን፣ ሴን ካሌንና ላ ፌርቴ በርናርን የሚያያይዝ ሦስት ማዕዘን ሲሆን አንዱ ዙር 103.18 ኪሎ ሜትር ነበር። በየቀኑ 6 ዙር፣ በድምሩ 12 ዙር፣ ማለትም 1,238 ኪሎ ሜትር ገደማ መነዳት ነበረበት። 32 መኪኖች ተነሡ። ከፈረንሳይ ሬኖ፣ ብራዚየር፣ ፓናር፣ ክሌማን ባያር፣ ሎሬን ዲትሪክ፣ ዳራክና ሆችኪስን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች፣ ከጣሊያን ፊያትና ኢታላ፣ ከጀርመን ደግሞ መርሰዲስ ተሰልፈዋል።

ለዚህ ጥናት ወሳኝ የሆኑት ሁለት ደንቦች ናቸው። የመጀመሪያው የክብደት ገደብ ነው፤ መኪናው ከ1,000 ኪሎ ግራም መብለጥ አይችልም፤ ለማቀጣጠያ ማኝቶ ብቻ 7 ኪሎ ግራም ይጨመርለታል። ሁለተኛው ደንብ መኪናውን በውድድሩ ጊዜ መንካት የሚፈቀድላቸው ሾፌሩና አብሮት የሚቀመጠው ረዳት መካኒክ ብቻ ናቸው የሚል ነው። ነዳጅ መሙላትም፣ የተሰበረ መጠገንም፣ ጎማ መለወጥም የእነዚህ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበር። ለ100 ኪሎ ሜትር መሪ ጨብጦ የመጣው ሰው ራሱ ወርዶ ይንበረከካል ማለት ነው።

ተፎካካሪዎቹ የክብደቱን ገደብ የተጠቀሙበት በአብዛኛው ሞተር ለማተለቅ ነበር። የፓናር ሞተር ከ18 ሊትር በላይ፣ የፊያት ደግሞ ከ16 ሊትር በላይ ይይዝ ነበር። የሬኖው አካ የተባለው መኪና ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ ወደ 13 ሊትር የሚጠጋ ሲሆን ጉልበቱም 90 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ በካቴና ሲያስተላልፉ ሬኖ በዘንግ አስተላለፈ፤ ዲፈረንሻሉንም ተወው። ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ኩርባ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ ጎማውን መፋቁ አይቀርም፤ በሌላ በኩል ግን ክብደት ይቀንሳል። ሬኖ በ990 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚዛን ቀረበ።

ችግሩ

በፓሪስ ማድሪድ ውድድር፣ በ1903፣ ብዙ ሰው ካለቀበት ምክንያት አንዱ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያስነሳው አቧራ ነበር፤ የኋለኛው ሾፌር መንገዱን አያይም። የሌ ማን አዘጋጆች ይህን ለመከላከል መንገዱን በሬንጅ ቀቡት፤ ተመልካቹንም በረጅም የእንጨት አጥር ከመንገዱ ለዩት። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሆኖም ውድድሩ የዋለው በከባድ የበጋ ሙቀት ነበርና ሬንጁ ቀለጠ። የቀለጠው ሬንጅ ከጠጠር ጋር እየተደባለቀ በፊተኛው መኪና ጎማ ተወርውሮ የኋለኛውን ሾፌር ፊት ይመታው ጀመር፤ የተነቀለው ስለታም ጠጠርም ጎማ ይበላ ጀመር። ለአቧራ የተገኘው መድኃኒት በጎማና በዓይን ላይ ሌላ በሽታ አመጣ።

የዚያን ዘመን ጎማ መለወጥ ምን እንደሚመስል ካላሰብነው የችግሩ ስፋት አይገባንም። ዛሬ ጎሚስታ ቤት የምናየው፣ መላው ጎማ ከነቸርኬው (ጎማው ከሚለበስበት ክብ ብረት ጋር) በጥቂት ዳዶ ተፈትቶ የሚወርድበት አሠራር በተለመደው የውድድር መኪና ላይ አልነበረም። ቸርኬው ከእንጨት ራጂው (ከመሀሉ ወደ ቸርኬው ከሚዘረጉት ዘንጎች) ጋር፣ ራጂው ከመሀሉ ጋር አንድ ሆኖ የተያያዘ ስለነበር ጎማው መውጣት የነበረበት እዚያው መኪናው ላይ እንዳለ ነው። መኪናው በክሪክ ይነሣል። ጠርዙ ቸርኬው ውስጥ ነክሶ የያዘውን፣ በሙቀት የጋለውንና በሬንጅ የተለጠፈውን አሮጌ ጎማ በወጉ ለማውጣት ጊዜ ስለማይበቃ በቢላዋ ቀድደው ይጥሉታል። ከዚያ ካላማዳሪያው ይገባል፤ ጠንካራው አዲስ ጎማ በብረት ማንሻ እየተፈነቀለ ጠርዙ ወደ ቸርኬው ይገደዳል፤ ካላማዳሪያው በማንሻው እንዳይነከስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም ይነፋል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሚሠሩትም ለሰዓታት ሲንቀጠቀጡ የቆዩና እጃቸው የዛለ ሁለት ሰዎች ናቸው።

በሂሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነዳ መኪና ላይ 15 ደቂቃ መቆም 25 ኪሎ ሜትር ከመሸነፍ ጋር እኩል ነው፤ ይኸውም የዙሩ ሩብ ነው። በዚህ ርቀትና በዚህ ሙቀት አንድ መኪና ጎማ የሚለውጠው አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ላይ አሥር የፈረስ ጉልበት ተጨምሮ የሚገኘው ትርፍ አንድ የጎማ ቅያሪ ሲመጣ ያልቃል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መፍትሔውን ያቀረበው ጎማ አቅራቢው ሚሽላ ነበር። ይህ ኩባንያ በ1895 በፓሪስ ቦርዶ ውድድር በአየር የተነፋ ጎማ በመኪና ላይ የሞከረ ስለሆነ ከችግሩ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበረው። አሁን ያመጣው ከእንጨት ራጂው ተለይቶ የሚፈታ ቸርኬ ነው። ጎማው አስቀድሞ ተገጥሞበትና ተነፍቶ ይጠብቃል። ጎማ ሲፈነዳ ስምንት ዳዶ ይፈታል፤ አሮጌው ቸርኬ ከነጎማው ይወጣል፤ የተዘጋጀው ይገባል፤ ዳዶው ይጠብቃል። ቢላዋም፣ ማንሻም፣ መንፋትም በመንገዱ ዳር ቀረ። ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ጠርዙን ወደ ቸርኬው ማስገባቱና መንፋቱ፣ አልጠፋም። ጊዜው ከውድድሩ በፊት ሆነ፤ ቦታውም ሰው በበዛበት፣ መሣሪያ በተሟላበትና ሰዓት በማይቆጠርበት ስፍራ ሆነ። ደንቡ በውድድር ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይሥራ ቢልም ከውድድሩ በፊት ስንት ሰው ይሥራ የሚል ቃል አልነበረውም። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ይህን ነው።

ዋጋው ክብደት ነበር። የሚፈታው ቸርኬ ከተለመደው ወደ 9 ኪሎ ግራም ይበልጥ ነበር፤ ለአራቱም ጎማ 36 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ሚዛኑን በሞተርና በሻሲ እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ጫፍ ድረስ ላሟሉት ቡድኖች ይህ በር የተዘጋ ነበር። ቸርኬውን ቢፈልጉም የሚያስቀምጡበት ክብደት አልተረፋቸውም። ፊያት ተጠቀመበት። ሬኖም ተጠቀመበት፤ ነገር ግን በኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ አደረገው። ይህ ውሳኔ ያልበሰለ ቁጠባ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። መኪናውን የሚገፉት፣ የሞተሩን ጉልበት የሚሸከሙትና ቀድመው የሚበሉት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ዲፈረንሻል በሌለው በዚህ መኪና ላይ ደግሞ ይበልጡን ይፋቃሉ። ሬኖ በግማሹ ክብደት የችግሩን ትልቁን ክፍል ሸፈነ።

ሾፌሩም በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ፌሬንስ ሲስ የተወለደው በሃንጋሪ ሲሆን የሬኖ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከፋብሪካው መሥራቾች አንዱ የሆነው ማርሴል ሬኖ በፓሪስ ማድሪድ ውድድር ላይ ሞቶ ወንድሙ ሉዊ ሬኖ ከውድድር እስከወጣ ድረስ ከሉዊ ጎን ረዳት መካኒክ ሆኖ ተቀምጧል። ጎማ መለወጥ የሾፌሩ ሥራ በሆነበት ውድድር መካኒክ የነበረ ሾፌር ማሰለፍ ጠቃሚ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለቱ የውድድር ቀናት

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀመረ፤ መኪኖቹ በ90 ሴኮንድ ልዩነት ተለቀቁ። ከሁሉ ፈጣን የሆነውን ዙር አንድ የብራዚየር ሾፌር በመጀመሪያው ዙር ላይ ነዳ፤ ጊዜው 52 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ሾፌር በመጨረሻ ሰባተኛ ወጣ።

ሲስ መሪነቱን ከያዘ በኋላ አልለቀቀም። ስድስቱን ዙር በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ጨረሰ፤ አማካዩ በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የክሌማን ባያር ሾፌር በ26 ደቂቃ፣ የፊያቱ ፌሊቼ ናዛሮ ደግሞ በ41 ደቂቃ ገደማ ዘግይተው ገቡ። ከ32ቱ መኪኖች የመጀመሪያውን ቀን የጨረሱት 17 ብቻ ነበሩ።

ሌሊቱን መኪኖቹ በጥበቃ ሥር ተቆልፈው አደሩ፤ ማንም እንዲነካቸው አልተፈቀደም። በማግሥቱ እያንዳንዱ ሾፌር የተለቀቀው ትናንት በፈጀበት ሰዓት ልክ ነው። 5 ሰዓት ከ45 የፈጀበት ሲስ በአውሮፓ ሰዓት 5፡45፣ በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ተለቀቀ። እንደተለቀቀም ወደ ፊት አልከነፈም፤ ወደ ሬኖ መቆሚያ ጎራ ብሎ ከረዳቱ ጋር ጎማ ለወጠ፣ ነዳጅ ሞላ፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ወሰደ። ሰዓት እየሮጠ፣ ተመልካች እያየ፣ መሪው መኪና ቆሞ መታየቱ ለሚያስተውል ሰው ብዙ ይናገራል። በእጁ የነበረው 26 ደቂቃ ይህን የሚያስችል ሀብት ነበር፤ እሱም ከዚያው ላይ ከፍሎ ቀኑን በአዲስ ጎማ ጀመረ።

በአሥረኛው ዙር የኋላ ባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላ) ተሰበረበት። ከዚያ በኋላ ረጋ ብሎ ነዳ። በ12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የሁለቱ ቀን አማካይ በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር ነው። ናዛሮ በ32 ደቂቃ ተከትሎ ሁለተኛ፣ የክሌማን ባያሩ ሾፌር ሦስተኛ ወጡ። ውድድሩን የጨረሱት 11 መኪኖች ናቸው።

የሠራውና ያልሠራው

የሚፈታው ቸርኬ ሠርቷል። ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ቅያሪ ቢያንስ 11 ደቂቃ ያተርፋል። የሁለቱ ቀን የአሸናፊነት ልዩነት 32 ደቂቃ መሆኑን ስናስታውስ ሦስት ቅያሪ ብቻ ያን ያህል ጊዜ እንደሚሸፍን እናያለን።

ይሁን እንጂ ከሚገባው በላይ ማመስገን አይገባም፤ ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። የናዛሮ ፊያትም ያው ቸርኬ ነበረው። ስለዚህ ቸርኬው ሬኖንና ፊያትን እሱ ከሌላቸው ቡድኖች የለየ ቢሆንም፣ ሲስን ከናዛሮ የለየው እሱ ነው ማለት አይቻልም። በሁለተኛው ቀን ናዛሮ ከሲስ የፈጠነ ጊዜ እንዳስመዘገበም ከቁጥሩ ይታያል፤ 41 ደቂቃ የነበረው ልዩነት ወደ 32 ወርዷልና። ውድድሩ በመጀመሪያው ቀን፣ መኪናው ሳይሰበርና ሾፌሩ ሳይሳሳት በተነዱት ስድስት ዙሮች ተወስኗል።

የሬኖን ቡድን በአጠቃላይ ስናይ ሥዕሉ ይበልጥ ይደበዝዛል። ሦስት መኪና አሰልፎ የጨረሰው አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት አንዱ የቆመበት ምክንያት ከመኪናው ጋር የተያያዘ አልነበረም። የሾፌሩ መነጽር ተሰብሮ የቀለጠ ሬንጅ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አዲስ መነጽር ልውሰድ ሲል በውድድር መካከል ዕቃ መለወጥ አይፈቀድም ተባለ፤ ሌላ ሾፌር ይተካኝ ቢልም አልተፈቀደለትም። ሁለት ዙር፣ ማለትም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በተቃጠለ ዓይን ነድቶ አቋረጠ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ሰው ያሳለፈው ስቃይ ያሳዝነኛል።

ከውድድሩ በኋላ

የሚፈታው ቸርኬ በሚቀጥለው ዓመት በተፎካካሪዎቹ ዘንድ ተስፋፋ፤ ለሬኖም ልዩ ጥቅም መሆኑ ቀረ። በ1907 በዲየፕ በተደረገው ግራን ፕሪ ናዛሮ በፊያት አንደኛ፣ ሲስ ሁለተኛ ወጡ። በ1908 አንድ የእንግሊዝ ፋብሪካ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ጎማው ከነቸርኬውና ከነራጂው ከመሀሉ የሚፈታበትን አሠራር ይዞ ሲመጣ አዘጋጆቹ ከለከሉት፤ ፋብሪካውም ሳይወዳደር ቀረ። ዛሬ በመንገድ ዳር ስኮርታ አውርደን የምንለውጥበት አሠራር የዚያ የተከለከለው ሐሳብ ዘመድ ነው።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገሩ ትምህርቶች

የሚሮጥበትን ጊዜና የሚቆምበትን ጊዜ ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በስንት ቀን ደረሰ ብሎ ብቻ መያዝ ስንቱ ሰዓት በመንዳት፣ ስንቱ በጎማ፣ ስንቱ በመጠበቅ እንዳለቀ ይደብቃል። በሌ ማን ሞተር ያተለቁት ቡድኖች ያዩት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

ደንብ ሲነበብ ምን ይከለክላል ከሚለው ጋር ምን ያስወድዳል የሚለውም መነበብ አለበት። ሁለት ሰው ብቻ ይሥራ የሚለው ደንብ በመንገድ ላይ የሚሠራን እያንዳንዱን ደቂቃ ውድ አደረገ፤ በመጋዘን የሚሠራውን ግን ርካሽ አድርጎ ተወው። ሥራውን ከውዱ ቦታ ወደ ርካሹ ማዛወር የሚቻልበት ሁኔታ በብዙ ጋራዦች አለ። ከገልባጭ እስከ ቀላል መኪና ተገጣጥሞ የሚጠብቅ መለዋወጫ ማዘጋጀት የዚሁ ዓይነት ነው።

ዲዛይን ሲሠራ ገደቡን እስከ ጫፍ አለመሙላት ራሱ ሀብት ነው። ሬኖ በትንሽ ሞተርና በቀረ ዲፈረንሻል ክብደት ስላተረፈ አዲሱ ቸርኬ ሲመጣ የሚያስገባበት ቦታ ነበረው። ያ ትርፍ ውስን በመሆኑም በአራቱም ጎማ ሳይበትነው ቶሎ በሚበላው በኋላው ላይ አዋለው። አዲስ ነገር ስንገዛ ሁሉም ቦታ ላይ ከማልበስ በፊት የቱ ክፍል ቀድሞ እንደሚበላ መጠየቅ ከዚህ ይወሰዳል።

በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ብልጫ በሁለተኛው ቀን ለጥንቃቄ ሊከፈል ይገባል። ሲስ በንጋት ቆሞ ጎማ ባይለውጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ከባሌስትራው መሰበር በኋላ ረግቶ እንዲነዳ ያስቻለው ግን ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ መቆየቱ ነው።

መለዋወጫ ሲታሰብ ሰውየውም መታሰብ አለበት። በመኪናው ላይ የሚበላ ጎማ በደቂቃዎች እንዲለወጥ ያን ያህል ተደክሞ፣ ለሾፌሩ ዓይን ሁለተኛ መነጽር ይዞ እንዲነሣ የታሰበበት ነገር አልነበረም። ደንቡ ዕቃ በመካከል መለወጥን ስለከለከለ መነጽሩ መታሰብ የነበረበት ከመነሣቱ በፊት ነው፤ በአንገቱ ላይ ሊንጠለጠል ይችል ነበር፤ ክብደቱም ከአንድ ዳዶ ብዙ አይበልጥም ነበር።